ሬዲዮኑ ቢንጫጫ ከጎረቤትህ አትጣላ

ወንድሜ ገበሬ! ማታ ከእርሻ ገብተህ፣ እግርህን ታጥበህ፣ የእህል ዋጋ ልትሰማ ሬዲዮህን ከፈትክ እንበል። ተናጋሪው «የነጭ ጤፍ ዋጋ በኩንታል…» ሲል ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ዝዝዝዝ ብቻ ሆነ። ትናንትም እንዲሁ ነበር። ጎረቤትህ ሶላር ካስገባ ወዲህ ነው። «አውቆ ነው ያደረገብኝ» ትላለህ። ሰላምታው ይቀዘቅዛል። አንዱ በሬ ያንተ፣ አንዱ የሱ ነው፤ የምታርሱት በመቀናጆ ነው። ሰኔ ደርሷል። አንተ አላቀናጅም ብትል፣ እሱም በሬውን ቢያስቀር፣ የማን መሬት ይታረሳል?

አንቺም እህቴ፣ ሬዲዮኑ ያንቺ ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

እስቲ ከራስህ ቤት ጀምር። ሬዲዮኑን በባትሪ ድንጋይ አሠራው። መብራትህን አጥፋ። ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ካለ ንቀል። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋቱ እቤትህ ነው። ደግነቱ ማንንም አልከሰስክም!

አሁንም ይጮኻል? እንግዲህ ነገሩን እንወቅ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ሃይንሪሽ ሄርትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የሬዲዮ ሞገድ ያመነጨው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ስለዚህ ብልጭ የሚል ነገር ሁሉ እንደ ትንሽ ጣቢያ ያሰራጫል። የቤንዚን ፓምፕ ካንዴላው ብልጭ ባለ ቁጥር ሬዲዮኑን ጠጠጠ ያሰኘዋል። የናፍጣ ወፍጮ ግን ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው ታምቆ በጋለ አየር ነው። ባለወፍጮውን በከንቱ አትማው። በሶላርም ቢሆን ጣራ ላይ ያለው ሰሌዳ ዝምተኛ ነው። ቀን በፀሐይ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ በሰሌዳውና በባትሪው መካከል ያለችው ሳጥን ናት። አንዳንዷ ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆረጠች ትቀጥለዋለች፤ ረጅሙ ሽቦ ደግሞ ጩኸቷን ይረጨዋል። ማታ ከሆነ አምፖሉን ወይም የስልኩን ቻርጀር ጠርጥር።

ምንጩን ሬዲዮኑ ራሱ ያሳይሃል። በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለ። አብዛኛውን ጊዜ በሬዲዮኑ ርዝመት ተጋድሟል። ጣቢያ የሌለበት ላይ አድርገህ ሬዲዮኑን ቀስ እያልክ አዙረው። ጩኸቱ እጅግ በደከመ ጊዜ የሬዲዮኑ ጫፍ ወደ ምንጩ ያመለክታል። ጫፉ ሁለት ስለሆነ ከፊት ይሁን ከኋላ አይለይም፤ ራቅ ብለህ ሌላ ቦታ ድገመው። ከዚያ ወደ ምንጩ በተጠጋህ ቁጥር ጩኸቱ ይበረታል። ክረምት ላይ አልፎ አልፎ ጧ እያለ የሚንጣጣው ግን የሩቅ መብረቅ ነው። ለመብረቅ ሽማግሌ አይላክም።

ምንጩ የጎረቤትህ ቤት ከሆነ ሬዲዮኑን ይዘህ ሂድ። «እንዴት አመሻችሁ» ብለህ ግባ። «ሶላርህ በደለኝ» አትበል። «እስቲ ይህን ስማልኝ» በለው። አምፖሎቹን አንድ በአንድ አጥፉ፣ መልሳችሁ አብሩ። ሦስት ጊዜ ሞክሩት፤ አንዴ ከሆነ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

አምፖሉ ከሆነ በሌላ ዓይነት ለውጣችሁ ሞክሩ። ሬዲዮኑን ከሽቦው ጥቂት ሜትር አርቁት፤ ጩኸቱ በርቀት ቶሎ ይደክማል። ሁለቱን የሶላር ሽቦዎች ለየብቻ ከመዘርጋት እንደ ገመድ አንድ ላይ ፍተሏቸው፤ የአንዱ ጩኸት የሌላውን ያዳክመዋል። ከመንካታችሁ በፊት ግን ከባትሪውም ከሰሌዳውም ይነቀሉ። ለፓምፑ ጩኸት የሚቀንስ ካንዴላ አለ፤ ሻጩን «ሬዚስተር ያለው» ብላችሁ ጠይቁ። ጩኸቱ ከመብራት ምሰሶ ከሆነ አትውጡበት፤ ለመብራት ኃይል ቢሮ አስታውቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥቂት ጩኸት ቢቀር በሰዓት ተስማሙ። የእህል ዋጋ የሚነገረው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ያን ያህል ጊዜ መብራቱን ያጥፋልህ። አጥፍቶም ጨለማ ውስጥ ከሚቀመጥ ካንተ ቤት መጥቶ ይስማ። ጤፍ የሚሸጠው እሱም ነው።