የሕፃናቱ መማሪያ ቤሌ ላይ ይሠራል

«ሞንቴሶሪ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ የአዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት ሲታይ ብዙ ወላጅ ቀድሞ የሚያስበው ክፍያውን ነው። በወላይታ ዞን፣ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቤሌ ስለዚህ የማስተማሪያ ዘዴ ማንሣትም የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። የዘዴው አነሣሥ ግን ከድህነት ጋር የተያያዘ ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1899 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1907) የመጀመሪያውን «የሕፃናት ቤት» የከፈተችው ሳን ሎሬንዞ በተባለ የሮም የድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ጠባቂ ለሌላቸው 50 ያህል ልጆች ነበር። ስለዚህ «የመንግሥት ትምህርት ቤት የቅድመ አንደኛ ‹ኦ› ክፍል ልጅ ስለሚበዛበት አይሆንም» የሚለው ሙግት ከመነሻው ይላላል። ዘዴውን ያስወደደው በኋላ የመጣው ገበያ ነው።

የዘዴው መማሪያ መሣሪያዎች ብልሃት የት እንዳለ ካወቅን ዋጋቸውም ይገባናል። «ሮዝ ግንብ» የሚባለው 10 ኩቦች ያሉት ሲሆን፣ ትንሹ 1፣ ትልቁ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለማቸውም ቅርጻቸውም አንድ ስለሆነ ልጁ የሚያመዛዝነው መጠንን ብቻ ነው። በእንጨት ውስጥ የተሰኩት ድቡልቡል ዘንጎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጉድጓድ አላቸው፤ አንዱ ያለቦታው ከገባ መጨረሻ ላይ የማይገባ ዘንግ ይተርፋል። ልጁ ስሕተቱን የሚያየው በገዛ ዓይኑ ነው፤ መምህሯ «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልጋትም። ብዙ ልጅ ላለባት መምህር ከዚህ የበለጠ ረዳት የለም። በዞኑ ዋና ከተማ በሶዶ ያለ አናጢ ይህን መሥራት አያቅተውም። ሆኖም «በቦታው ይሠራ» የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ ልኩ ከተዛነፈ መሣሪያው ያሳስታል፤ ከሚያሳስት መሣሪያ ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ይሻላል። ገንዘቡ መዋል ያለበት ለቀለሙና ለቫርኒሹ ሳይሆን ለልኩ ነው። የቀረው ቀላል ነው፤ አዝራር መቆለፊያ መለማመጃውን ልብስ ሰፊ ይሠራዋል፣ ከኩባያ ወደ ኩባያ የሚገለበጠው ቦሎቄም ከገበያ ይገኛል።

በፊደል ላይ ግን ከውጭ የተገዛው ዕቃ ራሱ አይበቃም። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ የጠበቀ ተነባቢና የረዘመ አናባቢ ፊደሉን በመደጋገም ይታያል፣ በጉሮሮ የሚቋረጠው ድምፅ ደግሞ በ7 ቁጥር ይጻፋል። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የፊደል ሣጥን 7ን ከፊደላት ጋር አይቆጥርም፤ ድርቡንም ለመጻፍ የሚበቃ ፊደል አይኖረውም። በብርጭቆ ወረቀት ተቆርጠው ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ፣ ልጁ በጣቱ እየዳሰሰ ድምፃቸውን የሚያወጣቸው ፊደላት እዚሁ መዘጋጀት አለባቸው። ወላይታ የመማሪያ ቋንቋ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ያውቃል፤ በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው የቅይጥ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት የተነሣ በሶዶ በተቀሰቀሰው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መጻሕፍቱም ተሰብስበዋል።

«የቤሌ ልጅ ቤቱ ውኃ ይቀዳል፣ እህል ይለቅማል፤ ይህን ትምህርት ቤት ምን ያስደግመዋል?» የሚል ጥያቄም አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሥራው የሚቸኩለው ለድስቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁ ያንኑ ሥራ እስኪጠግበው ሊደጋግመው ይችላል፤ እጁ የሚታዘዘውም በዚህ ነው። ወላጅ ደግሞ ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር ማየት ይፈልጋል። ለዚህ መልሱ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃው ግን ተአምር አይናገርም። በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ በዕጣ ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆችን ካልገቡት ጋር ያነጻጸረውና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው የአንጀሊን ሊላርድ ጥናት፣ የአምስት ዓመት ልጆች በንባብም በሒሳብም በልጠው እንደተገኙ ያሳያል። በፈረንሳይ በድሃ ሰፈር ልጆች ላይ ተደርጎ በ2021 የወጣው ደግሞ ብልጫውን ያገኘው በንባብ እንጂ በሒሳብ አይደለም። ለእኔ ንባቡ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የቤሌን ሕፃናት መርዳት የምትሹ ወገኖች፣ ከውጭ ሣጥን ከማስጫናችሁ በፊት ለሶዶ አናጢ ልኩን ጽፋችሁ ስጡት፤ የተረፈውን ገንዘብ መምህራኑን ለማሠልጠን አውሉት።