አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ የሚለይ ጆሮ

በሰሜን ወሎ፣ በዋድላዋ ኮን ከተማ፣ ወደ ጋሸና የሚሄድ መኪና ስንጠብቅ ብርዱ ገፍቶ ወደ አንዲት ሻይ ቤት አስገባን። ከጥጉ የተቀመጠው ድምፅ ማጉያ ከአስተናጋጁ ስልክ እየተቀበለ አንድ ጊዜ ቴዲ አፍሮን፣ አንድ ጊዜ ሮፍናንን፣ ቀጥሎም ወይዘሮ ማሪቱ ለገሠን ያሰማል። ሦስተኛው ዘፈን እንደ ጀመረ ከጎናችን የተቀመጡ ወጣቶች «ባህላዊውን ተወውና ዘመናዊ አድርግልን» ብለው ጮኹ።

ይህ አከፋፈል እኛም ተማሪ ቤት ሳለን የያዝነው ነበር። አሁን ግን ስናስበው ትክክል ሆኖ አልታየንም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ የዘፈኑት የአገራቸውን ዜማ ነው። አቶ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ጀምረው የእነ ዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ሲያወጡ፣ ጊታሩና ሳክስፎኑ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ቅኝት ግን ብዙውን ጊዜ የራሳችን ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 በኒውዮርክ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ ከጃዝ ጋር ያጋቡት ይህንኑ ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ነው። ሮፍናንም በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» በተባለው አልበሙ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃውን ከአገር ቤት ድምፅ ጋር አዋሕዶታል። ታዲያ ዘመናዊው ከየት ጀምሮ፣ ባህላዊው የት ላይ አበቃ ሊባል ነው?

ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎን አገር ስም ይዘዋል። አምባሰል ከዋድላ ደላንታን ተሻግሮ የሚገኘው፣ ግሸን አምባ ያለበት አገር ነው። ባቲም ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ሲወርዱ የምትገኘው፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ ናት። እንግዲህ ፒያኖ ወይም ኦርጋን የሚያገኝ አንባቢ ቢኖር ይህን ይሞክር። ዶ፣ በግማሽ ዝቅ ያለች ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ በግማሽ ዝቅ ያለች ላ፤ ይህ አምባሰል ነው። ሶልን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ላን ወደ ቦታዋ ቢመልሳት ያው አምባሰል አንቺ ሆዬ ይሆንበታል። ልዩነቱ ይህችው ናት። ክራር መቺው ለዚህች ብሎ አውታሩን እንደገና ይቃኛል፤ ማሲንቆ መቺው ደግሞ በአንዲቱ ጭራ ላይ ጣቱን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል።

ይህን የምናወራው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። በዚያው ሻይ ቤት በር አጠገብ አንድ አዛውንት አዝማሪ ማሲንቷቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠው ነበር። (ከበር አጠገብ ማንም አላስቀመጣቸውም፤ ራሳቸው ቦታቸውን ያውቁታል።) ከድምፅ ማጉያው አንድ አዲስ ዘፈን ሲወጣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አባቴ፣ አልወደዱትም?» አልናቸው።

«እንዴት አልወደውም ልጄ፣ ልጅቷ ድምፅ አላት። ግን አምባሰል ብላ ተነሥታ ከመንገድ አንቺ ሆዬ ገባችብኝ። የሚነግራት ሰው የለም?»

ስልኩን አስመልሰን ደግመን ሰማነው። እውነትም ነበረ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣነው እኛ አላወቅነውም፤ ፊደል ያልቆጠሩት ሰው ግን በአንድ መስማት አወቁት። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነቱ የሚጠራ አገር ነው፤ የቅኔ መምህሩ ሲነሣ ሁላችንም እንቆማለን፤ ሰምና ወርቁን በማሲንቆ የሚዘርፈውን ሰው ግን «አዝማሪ» ስንል ቃሉን እንደ ስድብ እንወረውረዋለን። እኛም ራሳችን አንድ ጊዜ በተማሪዎች ግብዣ ላይ የአገራችን ልጅ ማሲንቆ ሲያወጣ የማናውቀው መስለን ፊታችንን አዙረን ነበር። ዛሬ ያሳፍረናል። ሠርግ ሲሆን ግን እንጠራቸዋለን፤ ግንባራቸው ላይ ብር እንለጥፋለን፤ ማዕዱ ሲቀርብ በመጨረሻ እናበላቸዋለን። ወጣቱ ሹም በዚህ ከአባቱ የተሻለ አይደለም፤ ይብሳል እንጂ፣ አባቱ ቢያንስ ቅኝቱን ይለይ ነበር።

ብዙ ሰው መሣሪያው እንዳይጠፋ ይጨነቃል። ማሲንቆ ግን አይጠፋም፤ ሆቴሎች ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። እኛን ያሰጋን ጆሮው ነው። ዛሬ አንድ ሰው ኪቦርዱን ብቻውን ተቀምጦ ይደርሳል፣ ያቀናብራል፣ ይቀርጻል፤ አጠገቡ ተቀምጦ «ሳትክ» የሚለው ሽማግሌ የለም።

«ሙያውን ለልጅዎ አስተማሩት?» ስንል ጠየቅናቸው።

«ሾፌር ነው» አሉን። «ዘፈን ይወዳል፤ መኪናው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይከፍታል። እኔን ግን በሰው ፊት እንዳትመታ ብሎኛል።»

ይህን ጊዜ አስተናጋጁ ማንም ሳይነግረው ድምፅ ማጉያውን ዘጋ። አዛውንቱ ማሲንቋቸውን ከነጠላው አውጥተው ያችኑ ዘፈን ከመጀመሪያዋ አንሥተው በአምባሰሏ መለሷት። ባህላዊውን ተወው ይሉ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። የጋሸናው መኪና ጡሩምባውን ሲነፋ ገና አልጨረሱም ነበርና ሳንነሣ አለፈን።