«ኢንላይን» ትእዛዝ ናት ወይስ ልመና?

ሰሞኑን እዚህ ሰንጋ ተራ የፕሮግራም መልመጃ ስናርም አንድ ነገር ደጋግመን አየን። «ኢንላይን» የምትለው ቃል በየፈንክሽኑ ራስ ላይ ተለጥፋለች። «ለምን?» ስንል፣ መልሱ «ፕሮግራሙን ታፈጥነዋለቻ!» ነው። ነገ ለተማሪ ይህንኑ ከመንገራችን በፊት ጉዳዩን እንየው።

የተማሪዎችን የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ አውሮፓውያን የሚመልስ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍን እንበል። በውስጡ አንዲት ትንሽ ፈንክሽን አለች፤ ጳጉሜን ስንት ቀን እንደሆነች ትናገራለች። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ 6 ናት፤ አለዚያ 5። 2015 ዓ.ም. ባለ 6 ነበር። ይህች ፈንክሽን በተጠራች ቁጥር ማሽኑ ዓመቱን ያቀብላል፣ መመለሻውን ይይዛል፣ ይዘላል፣ ያሰላል፣ ይመለሳል። መንገዱ ከሥራው በለጠ እኮ! አንድ ብርጭቆ ሻይ ለመጠጣት ከሰንጋ ተራ ፒያሳ ደርሶ እንደ መመለስ ነው። ኮምፓይለሩ የፈንክሽኗን አካል ጥሪው ካለበት ቦታ ላይ ቢገለብጠው ግን ምልልሱ ይቀራል። ከዚያም በላይ፣ ዓመቱ 2015 ተብሎ በግልጽ የተጻፈ ከሆነ፣ ስሌቱን ራሱ ጨርሶ 6ን ብቻ ሊያስቀምጥ ይችላል። ለእኛ ትልቁ ጥቅም ይኸኛው ነው።

ታዲያ ሁሉም ለምን አይገለበጥም? ቀኑን በሙሉ የሚለውጠው ትልቁ ፈንክሽን በ50 ቦታ ቢጠራ 50 ቅጂ ይሆናል። ፕሮግራሙ ያብጣል፤ ከማሽኑ ትንሽና ፈጣን ማኅደር አልገባ ይላል፤ ለፍጥነት ያልነው ይዘገያል።

ቃሏን ቢያርነ ስትሮውስትሮፕ ኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ ለሆነው ቋንቋ በ1981 እ.ኤ.አ. ጨመራት፤ በሲ ደረጃ የገባችው በ1999 ነው። በሁለቱም ዘንድ ልመና ናት። ኮምፓይለሩ የፈንክሽኑን መጠን መዝኖ እንቢ ሊል ይችላል፤ ሳንለምነውም ይገለብጣል። ጂሲሲ የማፋጠኛው ትእዛዝ ካልተሰጠው ጭራሽ አይሰማትም፤ «የግድ ገልብጥ» የሚል ሌላ ጠንከር ያለ ምልክት አለው። የጎ ቋንቋ ደግሞ «ገልብጥ» የሚባልበት ቃል የለውም፤ «አትገልብጥ» ግን አለው። በሲ ፕላስ ፕላስ ዛሬ የቃሏ ዋና ሥራ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንዱ ፈንክሽን በብዙ ፋይሎች ውስጥ ቢጻፍ በማገናኘት ጊዜ «ተደገመ» ተብሎ እንዳይከሰስ ፈቃድ መስጠት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የጳጉሜንን ፈንክሽን የጻፈው ሰው የአውሮፓውያኑ ሕግ መስሎት «3 ከተረፈ» በማለት ፈንታ «ምንም ካልተረፈ» ብሎ ነበር እንበል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደው ሕፃን «የተሳሳተ ቀን» ተብሎ ከመዝገብ ይወድቃል። በጋራ መጻሕፍቱ ውስጥ ስህተቱን አርመን አዲሱን ብናድል እንኳ፣ አሮጌውን አካል ገልብጠው የያዙት ፕሮግራሞች እንደገና ኮምፓይል እስኪደረጉ ድረስ ሕፃኑን መጣላቸውን ይቀጥላሉ።