መጀመሪያ ስም ይጠራ፤ ከዚያ ኳሱ ይውጣ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የአርሰናል ደጋፊ የሆነ ጓደኛችሁ ክለቡ ማንን እንዳስፈረመ፣ በስንት ሚሊዮን ፓውንድ እንደገዛው፣ የተጎዳው ተከላካይ መቼ እንደሚመለስ አንድ በአንድ ይዘረዝርላችኋል። ይኼው ክለብ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ «አርሰናል ኢን ዘ ኮሚዩኒቲ» የሚባል ክፍል አቋቁሞ የሰፈሩን ልጆች በኳስ እየሰበሰበ ትምህርታቸውን እንደሚደግፍ ግን ጠይቁትና መልሱን ስሙ። አብዛኞቻችን አናውቅም። የኤቨርተን የበጎ አድራጎት ክንፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በመደበኛው ትምህርት ቤት ላልሆነላቸው ወጣቶች ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ባርሴሎና በ2006 የዩኒሴፍን ስም ማሊያው ላይ ሲያትም እንደ ሌላው ማስታወቂያ አልተከፈለበትም፤ እንዲያውም በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዩሮ የሚሰጠው እሱ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሞኝ ሆነው አይደለም። ልጅን አንድ ቦታ መሰብሰብ ከባድ ነው፤ ኳስ ሲኖር ግን ራሱ ሮጦ ይመጣል። ክለቦቹ የተጠቀሙት ይህችን ቀላል እውነት ነው። እኔ ደግሞ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ለንደን ላይ አይቀርም፤ ተነስቶ ሰቆጣ ይሄዳል።

ሰቆጣን ብዙዎቻችሁ በዜና ነው የምታውቋት። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። ዜናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድርቅ፣ ጦርነት ወይም ተፈናቃይ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ሲገባ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ በከተማዋ ስም ጠራው። ግቡ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር ማጥፋት ነው። ስሙ የተመረጠው በምክንያት ነው። ዋግ ረሀብ ምን እንደሆነ ከ1977 ዓ.ም. በፊትም በኋላም አሳምራ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከአበርገሌና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣና ዙሪያዋ ተጠለሉ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዝቋላን፣ ሳህላንና አበርገሌን ድርቅ መታቸው። በዚያ ላይ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። አንድ ልጅ ሦስተኛ ክፍል እያለ ትምህርቱ ሲቋረጥበት አስቡት። ሁለት ሦስት ዓመት አለፈ። አሁን ድምፁ ጎርንኗል፣ ቁመቱም ረዝሟል። ትምህርት ቤቱ ቢከፈትም ተመልሶ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ ያሳፍረዋል። ፍየል መጠበቅ ወይም የቀን ሥራ መሥራት ቢያንስ ክብር አለው ብሎ ያስባል።

ለዚህ ልጅ «ትምህርት ጥሩ ነው» ብላችሁ ብትመክሩት ምን ይላችኋል? ምክሩን ከእናቱም ሰምቶታል። ኳስ ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክፍል ውስጥ ያሳፈረው ቁመት እዚያ ተፈላጊ ነው፤ ታላቅነቱ አምበል ያደርገዋል። ትንንሾቹ ስሙን እየጠሩ «አቀብለኝ» ይሉታል። ቤቱ ኽምጥኛ የሚያወራውም አማርኛ የሚያወራውም፣ የከተማው ልጅም ከመጠለያ የመጣውም እዚያ አንድ ቡድን ናቸው። ለተፈናቀለ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ተፈናቃይ» ከሚለው ስም ወጥቶ «ሰባት ቁጥር» ይሆናል።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኳስ ብቻውን ማንንም አያስተምርም። ኳስ ደወል ነው። በገጠር ትምህርት ቤት ዛፍ ላይ ተሰቅሎ በድንጋይ የሚመታው ብረት ልጆቹን ይጠራል እንጂ ሀ ሁ አያስቆጥርም። ልጁ ደወሉን ሰምቶ ሲመጣ የሚጠብቀው ነገር ነው ወሳኙ።

በዚህ በኩል ጥሩ ሥራ ለማየት አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም፤ ናይሮቢ ጎረቤታችን ናት። ማታሬ በሚባለው የድሆች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። ሕጉ ቀላል ነበር። ቡድን ነጥብ የሚያገኘው ጎል አግብቶ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩን ሲያጸዳም የሊግ ነጥብ ይመዘገብለታል። አሠልጣኝ ሆኖ ያገለገለ፣ ትንንሾችን የረዳ ወጣት ደግሞ በሥራው ነጥብ ያጠራቅማል፤ ብዙ ነጥብ ያለው ሽልማት ያገኛል። ሽልማቱ ለልጁ በእጁ የሚሰጥ ብር አይደለም፤ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ የሚከፈል የትምህርት ክፍያ ነው። ከዚሁ ማኅበር የወጣው ማታሬ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው ደስ ይላል። እኔን የበለጠ የገረመኝ ግን የነጥብ ሠንጠረዡ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የምትጽፈው ነገር ልጁ የሚሮጥለት ነገር ይሆናል።

እኛም አገር ምሳሌ አለ። «ገርልስ ጋታ ራን» የሚባለው ድርጅት በሶዶና በበቆጂ ሴት ልጆችን በሩጫ እያሠለጠነ ትምህርታቸውን ይደግፋል። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይማራሉ፤ እናቶቻቸው ደግሞ በቁጠባ ቡድን ይደራጃሉ። እናቶቹ ለምን ገቡ? ልጅቷን ከትምህርት የሚያስቀራት አብዛኛውን ጊዜ የቤት ችግር ስለሆነ ነው። ቤት ውስጥ ሳንቲም ከሌለ ደብተርም የለም፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻም በዚያው በር ይገባል።

አሁን ወደ ራሳችን ክለቦች እንምጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቹ የክልል ከተሞቻችን ክለቦች ደግሞ ስማቸው ላይ «ከተማ» ወይም «ከነማ» የሚል ቃል አላቸው፤ የከተማ ነን ማለታቸው ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ጎንደር እንዴት እንደሆነች አይታችኋል። ለዋግ ቅርብ በሆነችው ወልድያ ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ብዙዎቹ የከተማ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። በጀቱ ደግሞ በዋናነት ለተጫዋች ደመወዝና ለጉዞ ይሄዳል። ታዲያ የከተማው ገንዘብ ከሆነ፣ የከተማው ልጅ ከትኬት ሌላ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?

እኔ ትልቅ አካዳሚ አልመኝም። የምመኘው ይህን ነው። አንድ ክለብ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አሠልጣኝ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይላክ። አሠልጣኙ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ከመምህሩ ላይ የስም መጥሪያውን ይቀበል። በሳምንቱ ክፍል የገባ ይጫወታል፤ ያልገባ ደግሞ አይባረርም፣ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ውኃ ሲቀዳ ነው? አሟት ነው? ርቧት ነው? ይህቺ ጥያቄ ራሷ ትልቅ ሥራ ናት፤ ብዙ ልጅ ከትምህርት ሲቀር የሚጠይቀው ሰው የለምና። በሠንጠረዡም ላይ ለድል ሦስት ነጥብ ከሆነ፣ ሙሉ ቡድኑ ሳይቀር ለተማረበት ሳምንትም ሦስት ነጥብ ይሰጥ። ያን ጊዜ ቀሪውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደው የሚቀሰቅሱት ጓደኞቹ ይሆናሉ።

«ርቧት ነው?» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ማርከስ ራሽፎርድ የእንግሊዝን መንግሥት በደብዳቤ ሞግቶ በክረምት ዕረፍት ወቅት 1.3 ሚሊዮን ያህል ልጆች የምግብ ድጋፍ እንዲያገኙ ሲያደርግ ያነሳው ነገር የራሱን ልጅነት ነው። በሀብታም አገር እንኳ የራበው ልጅ አለ። በዋግማ ቁርስ ሳይበላ የመጣን ልጅ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ማስሮጥ ጥፋት ነው። ስለዚህ ልምምዱ የትምህርት ቤት ምገባ ባለበት ቦታ፣ ከምግብ በኋላ፣ የሚጠጣ ውኃ ተይዞ ይሁን። ይህ ካልተቻለ መጀመሪያ የሚገዛው ኳስ አይደለም፤ ሽሮና ዘይት ነው።

ሴቶቹስ? «ሴት ልጅ ሜዳ ምን ትሠራለች» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ ከውጭ አይመጣም፤ ዋግ ራሷ አላት። ሻደይን አስቡት። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ለምለሙን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በቡድን በቡድን ሆነው፣ ከበሮ እየመቱ አደባባዩን ይሞሉታል። ሴት ልጅ ተሰባስባ በአደባባይ መጫወቷ እዚያ አገር የቆየ ክብር ነው። በዚያ ላይ ቀኑን ልብ በሉ። ነሐሴ መጨረሻ የተማሪዎች ምዝገባ የሚቀሰቀስበት ወቅት ነው። ከሻደይ ማግስት የሴቶች የትምህርት ቤቶች ውድድር ቢዘጋጅና የመዝገቡ ጠረጴዛ ሜዳው ዳር ቢቀመጥ፣ ወላጅም ልጅም እዚያው ናቸው። ሽልማቱ ዋንጫ ይሁን፤ ዋንጫው ውስጥ ግን ደብተርና የንጽሕና መጠበቂያ ይኑር። ብዙ ልጃገረድ በወር ውስጥ ጥቂት ቀን የምትቀርበት ምክንያት እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ኳስ የምወድ ሰው ስለሆንኩ መናገር አለብኝ። ኳስ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት እንደሚጠራ ሁሉ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣም ይችላል። «ይህ ልጅ ተሰጥኦ አለው፣ ክለብ ይገባል» የሚል ሰው ብቅ ይላል፤ ልጁ ደብተሩን ይጥላል። ከሺህ አንዱ እንኳ ክለብ አይገባም። የገባውም ጉልበቱ አንድ ቀን ሊከዳው ይችላል። ልጅን በኳስ ጠርቶ ያለ ሁለተኛ መንገድ መተው በደል ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚመዘነው ስንት ተጫዋች አወጣ ተብሎ መሆን የለበትም፤ ስንት ልጅ 8ኛ ክፍልን ጨረሰ ተብሎ ነው።

ይህን የምታነቡት በስልካችሁ ነው፤ ስለዚህ ሥራውንም ከስልካችሁ ልጀምርላችሁ። የሰቆጣ ልጅ ሆናችሁ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያላችሁ፣ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ። በየወሩ ከእያንዳንዳችሁ አንድ የማኪያቶ ዋጋ ቢሰበሰብ ኳስና ደብተር ይገዛል። ግን ሒሳቡ ግልጽ ይሁን፤ የገባውና የወጣው በየወሩ እዚያው ግሩፑ ላይ ይለጠፍ፤ ገንዘቡን አንድ ሰው ብቻውን አይያዝ። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ርዕሰ መምህሩን ደውላችሁ «ምን ይጎድላችኋል?» በሉ። ምናልባት የሚጎድለው ኳስ ላይሆን ይችላል። የልጆቹን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አትለጥፉ፤ ድህነታቸው የእናንተ ላይክ መሰብሰቢያ አይደለም።

የክለብ ደጋፊ ማኅበራት ደግሞ ድምፃችሁ ትልቅ ነው። አሠልጣኝ ይባረር ብላችሁ በአንድ ቅዳሜ ታስባርራላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ በዚያው ድምፅ «ክለባችን የትኛውን ትምህርት ቤት ይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻደይ በየዓመቱ አትቀርም፣ መስከረምም ተከትላት ይመጣል። መዝገቡ ሲከፈት ግን ስማቸው የሚጠራ ልጆች ስንት እንደሚሆኑ ገና አልተቆረጠም።