ያለቀ የፍሬን ሸራ ምን ይናገራል?

የመኪናው የፍሬን ሸራ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌውን አስጥሎ አዲስ ያስገጥማል። አዲሱም በአጭር ጊዜ ሲያልቅ የዕቃውን ጥራት ያማርራል። እኛም የፊዚክስ መምህር መሆናችን ሳያግደን ለስምንት ወራት ያህል ያደረግነው ይህንኑ ነበር። በእነዚህ ወራት የመስክ መኪናችን የፊት ሸራ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከጂኦሎጂ ባልደረቦቻችን ጋር ተማሪዎች ይዘን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። መኪናችን አራቱም ጎማዎች የሚጎትቱላት፣ ክረምቱን በጭቃ መንገድ ስትመላለስ የከረመች ናት። ከጎሐ ጽዮን ተነስተን ቁልቁለቱን ካጋመስን በኋላ የሚቃጠል ነገር ሽታ ገባ። ሾፌራችን በዚህ መንገድ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረጉ፤ ማርሹን ወደ አንደኛ አወረዱ፤ ከዚያም የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳቡ መኪናዋን ወደ ተራራው ጥግ አስጠጓት። «ዶክተር፣ ልጆቹ ይውረዱ። ፔዳሉ እየሰመጠብኝ ነው» አሉ።

ወርደን መዳፋችንን ወደ ፊተኛው የግራ ጎማ ስናስጠጋ ወላፈኑ ይጋረፋል። የቀኙ ሞቋል እንጂ እንደዚያ አልነበረም። አንድ ተማሪ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ሲቀርብ ሾፌራችን «ተው ልጄ፣ ይሰነጠቃል» ብለው መለሱት። ልክ ነበሩ። የጋለ የብረት ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውጫዊ ክፍሉ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚኮማተር ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፍሬኑ እስኪበርድ በተቀመጥንበት ሰዓት ከተማሪዎቹ ጋር ስሌት ጀመርን። መኪናዋ ከነጭነቷ 2,500 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱን በከፍታው ብናባዛ 34 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት እናገኛለን፤ ይህም 100 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንስቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። በግምት ሩቡን የጎማዎቹ መንከባለልና አየሩ ይወስዱታል። ቀሪው ቁልቁለቱ በ40 ደቂቃ የሚወረድ ቢሆን ሦስት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች ለዚያን ያህል ጊዜ ያለማቋረጥ ቢሰኩ ከሚሰጡት ሙቀት ጋር ይቀራረባል። በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ከዚህ ከፍተኛውን ድርሻ ለሞተሩ ይሰጣል፤ በከፍተኛ ማርሽ የሚወርድ ግን ሁሉንም ፍሬኑ ላይ ይጭነዋል። የእኛ ሾፌር በሁለተኛ ማርሽ ነበር የወረዱት። ደግሞስ ቁልቁለቱ ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን የግራውና የቀኙ ጎማ እኩል በጋሉ ነበር።

እዚህ ላይ የእንግሊዛዊው የጆን አርቻርድ ሕግ ይረዳናል። አርቻርድ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ መሠረት፣ ሁለት አካላት ሲፋተጉ የሚበላው መጠን ከሚጫናቸው ኃይልና ከተንሸራተቱት ርቀት ብዜት ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ አካሉ ጠንካራ በሆነ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ኃይሉ ነው፤ ርቀቱን እንረሳዋለን። አንድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ ፍሬን የሚያዝባት 2 ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ ነው እንበል። አሁን ደግሞ አንደኛው ሸራ ከዲስኩ መላቀቅ አቅቶት ከተለመደው ኃይል በአንድ አሥረኛው ብቻ ሙሉውን 100 ኪሎ ሜትር ታከከ እንበል። አንድ አሥረኛ በ100 ሲባዛ 10 ነው፤ አንድ በ2 ሲባዛ 2። ሾፌሩ እግሩን ሳያሳርፍበት፣ በመታከክ ብቻ የሚበላው በመደበኛው አያያዝ ከሚበላው አምስት እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱ ሸራውን ሲያዳክመው የሚመጣውን ተጨማሪ ጉዳት ገና አልቆጠርንም።

ታዲያ ሸራው መላቀቅ የሚያቅተው ለምንድን ነው? የዲስክ ፍሬንን ፒስተን ወደ ኋላ የሚስብ ሞላ እንደሌለ ሲነገራቸው ብዙ ተማሪዎች ይደነቃሉ። ፒስተኑን የከበበው የጎማ ቀለበት ፔዳሉ ሲረገጥ ትንሽ ይጣመማል፤ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሲል ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። የሚመልሰው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ነው። ለዚህች ስስ ክፍተት ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ ጭቃ ይበቃታል።

ስለዚህ ያለቀው ሸራ ከመጣሉ በፊት መነበብ አለበት። የግራውም የቀኙም፣ የውስጡም የውጪውም ሸራ እኩል ካለቀ ጥርጣሬው ጭነቱ፣ አነዳዱ ወይም ዋናው ፓምፕ ላይ ያርፋል። (የፊቱ ከኋላው ቀድሞ ማለቁ ግን በሽታ አይደለም፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ነው።) የአንድ ጎማ ሁለቱም ሸራዎች ብቻቸውን ካለቁ ፒስተኑ ተጣብቋል ወይም ዘይት የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ ውስጡ ተዘግቷል። ሁለቱን ለመለየት ጎማው በክሪክ ይነሳ፤ ፍሬኑ ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላም ካልዞረ የአየር ማስወጫዋ ብሎን ትላላ። ዘይቱ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታፍኖ ነበርና ወደ ቱቦው ወይም ወደ ፓምፑ እንሂድ። ካልተለቀቀ ግን ችግሩ እዚያው ጎማው ዘንድ ያለ የብረት ችግር ነው።

የጭቃ መንገድ የራሱ ምልክት አለው። ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክሎች ዲስካቸው ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ይህን በይበልጥ ያሳያሉ፤ ዲስኩ እንደታረሰ መሬት ትልም በትልም ይሆናል። ዋልካው ራሱ ለስላሳ ነው። የሚጎዳው በውስጡ የተሸሸገው አሸዋ ነው፤ የአሸዋው ኳርትዝ ከዲስኩ ብረት እጅግ ይጠነክራልና በሸራና በዲስክ መካከል ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ከጭቃ ሲወጡ በውሃ ማጠብ፣ ፍሬኑ በርዶ ከሆነ፣ ከሁሉም የረከሰ ጥገና ነው።

ወደ እኛ መኪና እንመለስ። አዲስ አበባ ስንገባ ጎማውን አስፈታን። የውስጠኛው ሸራ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ እስከ ብረቱ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ የውጪው አዲስ ሊባል ይችላል። ፒስተኑና መያዣው የሚንሸራተቱት በሁለት ፒኖች ላይ ነው፤ የአንደኛው ፒን የጎማ ሽፋን ተቀዶ ውሃ ገብቶበት ዝጓል። ሸራው ሦስት ጊዜ ሲቀየር ይህችን ፒን የነካት አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። ፔዳሉን ያሰመጠው ደግሞ የፍሬኑ ዘይት ነበር። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ 3.7 በመቶ ውሃ ከያዘ በኋላ ግን መፍላት የሚጀምረው እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይት ሲጨመቅ እምቢ ይላል፤ ተን ግን ይታመቃል። የሾፌራችን እግር ይጨምቅ የነበረው ተኑን ነው።

ፒኖቹ ጸድተው ሙቀት የሚችል፣ ጎማ የማያሳብጥ ግሪስ ተቀቡ፤ ሽፋኖቹና ዘይቱም ተቀየሩ። ከዚያ በኋላ የገባው ሸራ ዓመቱን ሙሉ አገለገለ። ያ ያጋደለው ሸራ ዛሬም በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ አለ፤ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በቨርኒየር ካሊፐር ይለኩታል፤ በአንደኛው ጫፍ 6.4 ሚሊ ሜትር፣ በሌላኛው 1.1።