ከኤምፒኤች በፊት ጥያቄው ይቅደም

በጤናው ሙያ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ሁለት ሦስት ሆነው ቡና ሲጠጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፡፡ ‹‹ማስተርስህን መቼ ትጀምራለህ?›› ነው፡፡ ነርሱም፣ ጤና መኮንኑም፣ ሚድዋይፏም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም፣ ጠቅላላ ሐኪሙም ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት ስም አንድ ነው፡- ኤምፒኤች፡፡ በአማርኛችን የሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ማለት ነው፡፡

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፡፡ የደም ግፊት መለካት እንኳ አልችልም፡፡ ታዲያ በሰው ሙያ ምን ጥልቅ አደረገህ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም፡፡ ሁለት ምክንያት አለኝ፡፡ አንደኛው፣ የመሥሪያ ቤታቸውን የትምህርት ውል ይዘው ‹‹ጋሼ፣ ከመፈረሜ በፊት እስቲ አንዴ እይልኝ›› የሚሉኝ የዘመድና የወዳጅ ልጆች መብዛታቸው ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ የሕብረተሰብ ጤና ግማሹ ሕግ መሆኑ ነው፡፡ ውሉን አንብቤ ስጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፡- ‹‹ተምረህ ምን ልትመልስበት ነው?›› አብዛኞቹ ደመወዙን፣ ዕድገቱን፣ ድርጅት መግባቱን ይነግሩኛል፡፡ ይህ ነውር አይደለም፡፡ የጤና ባለሙያው ኑሮ ምን እንደሚመስል በግንቦት 2017 ዓ.ም. የተነሣው የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ፣ ሥራ እስከ ማቆም መድረሱም፣ ለሁላችንም ነግሮናል፡፡ ነገር ግን ይህ ዲግሪ ከሌሎቹ የሚለየው ጥያቄ ሳይዙ ሲገቡበት ባዶ እጅ የሚመልስ ትምህርት በመሆኑ ነው፡፡ ለምን እንደሆነ ላስረዳ፡፡

ሐኪም ከፊቱ የተቀመጠውን አንድ ሰው ‹‹ምን ሆንክ?›› ብሎ ይጠይቃል፡፡ የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ ግን ‹‹ለምን በዚህ ቀበሌ? ለምን በዚህ ወር? ለምን ሴቶቹን ብቻ?›› ይላል፡፡ የሙያው ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 ያደረገው ይህንኑ ነው፡፡ በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ እያስቀመጠ ሲመለከት ሞቱ በብሮድ ጎዳና በሚገኝ አንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችቶ አገኘው፡፡ ማስረጃውን ለአካባቢው ኃላፊዎች አቀረበና የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አስደረገ፡፡ የኮሌራ ተህዋሲ ገና በሕክምናው ዓለም ተቀባይነት ባላገኘበት ዘመን ማለት ነው፡፡ ልብ በሉ! እጀታውን ያስነቀለው መድኃኒት አይደለም፤ ማስረጃና ውሳኔ ነው፡፡

በአገራችንም ነገሩ የተጀመረው በችግር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ፡፡ በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር ተቋቋመ፡፡ ኮሌጁ ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ (በዘመኑ አጠራር ሳኒተሪያን) ነበር፡፡ ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ታስቦ ነው፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነበር፡፡ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ሕዝቡ አይጠብቅም፤ ‹‹ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ›› ነው፡፡ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ደግሞ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀመረ፡፡ ዛሬ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐረማያ፣ በመቀሌና በሌሎችም በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በግል ኮሌጆችም ጭምር ይሰጣል፡፡

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፡፡ የመጀመሪያው ዓመት በክፍል ትምህርት ያልፋል፡፡ በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራጭ የሚያጠናው ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ቁጥርን ከአጋጣሚ ለይቶ የሚያነበው ባዮስታቲስቲክስ፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር፣ የሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ሥነ ምግብ፣ የአካባቢ ጤናና የጥናት ዘዴ ዋና ዋናዎቹ ናቸው፡፡ ሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጥናት ነው፡፡ ፕሮፖዛል ይጻፋል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይሰጣል፣ መረጃ ይሰበሰባል፣ ይተነተናል፡፡ ብዙዎች የሚወድቁትም የሚነሡትም እዚህ ላይ ነው፡፡ ጥያቄ ይዞ የገባ ተማሪ ሁለተኛውን ዓመት ይናፍቀዋል፡፡ ሳይዝ የገባው ደግሞ የቀድሞ ተመራቂን ርዕስ ወስዶ የወረዳውን ስም ብቻ ይቀይራል፡፡

የዚህ ትምህርት ትክክለኛ መልክ ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ቡታጅራን ያስታውስ፡፡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዚያ አካባቢ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ ሲመዘግብ ኖሯል፡፡ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ አካባቢ ተመሳሳይ ጣቢያ ከፍተዋል፡፡ ልደትና ሞት በአግባቡ በማይመዘገብበት አገር ሰው መቁጠር ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፡፡ ያልተቆጠረ ሞት ማንም አይከራከርለትምና፡፡

ቁጥር ደግሞ ይናገራል፡፡ በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፡፡ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ፡፡ በመካከሉ ከሆነው ነገር አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፡፡ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ፤ ብዛታቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ፡፡ እነሱ የሚልኩትን ሪፖርት በወረዳና በዞን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ‹‹ይህ ቀበሌ ክትባት ለምን ቀነሰ?›› ብሎ መጠየቅ የሚገባው ባለሙያ ማን ነው? የዚህ ዲግሪ ባለቤት ነው፡፡

ሕግ ግማሹ ነው ያልኩትን ደግሞ በጨው ላሳይ፡፡ እንቅርት ለብዙ ዘመን በደጋው የአገራችን ክፍል እንደ ተፈጥሮ የሚታይ ነገር ነበር፡፡ መንስኤው የአዮዲን እጥረት መሆኑ ከታወቀ ረጅም ጊዜ ሆኖታል፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው፡፡ ሆኖም እያንዳንዱን ሰው ክሊኒክ ጠርቶ አዮዲን መስጠት አይቻልም፡፡ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ጨዋቸው ከተመረመረው ቤተሰቦች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኝቶባቸዋል፡፡ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም እንዲሁ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል መጠጥ ማስተዋወቅን ከልክሏል፡፡ ከእንዲህ ያለ አንቀጽ ጀርባ ማስረጃውን ያደራጀ የጤና ባለሙያ አለ፡፡ ሕግ አውጪው ያለ ማስረጃ ዕውር ነው፤ ማስረጃውም ያለ ሕግ አውጪ ሽባ ነው፡፡

ሙያው ድፍረትም ይጠይቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ቦታ የተከሰተው ወረርሽኝ ‹‹አተት›› ሲባል እንደከረመ እናስታውሳለን፡፡ አተት፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ የምልክት ስም ነው፤ ተህዋሲውን አይናገርም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉት ዓለም አቀፍ የጤና ደንቦች ዓለም አቀፍ ሥጋት ሊሆን የሚችል ክስተት ተገምግሞ ከታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲገለጽ ያዛሉ፡፡ በሽታን በስሙ መጥራት የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ነው፡፡ የቁጥር ሙያ የያዘ ሰው ቁጥሩን ለአለቃ ደስታ ሲል ካጎነበሰው ዲግሪው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፡፡

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ፡፡ መሥሪያ ቤት ሲያስተምር የአገልግሎት ግዴታ ያስፈርማል፤ ይህ ተገቢ ነው፡፡ ሆኖም ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ፡፡ አንደኛ፣ ስንት ዓመት ታገለግላላችሁ? የሚቆጠረውስ ከምረቃ ቀን ነው ወይስ ሥራ ከተመለሳችሁበት ቀን? ሁለተኛ፣ ውሉን ብታፈርሱ የምትከፍሉት ገንዘብ ምን ምን ያካትታል? ክፍያው ብቻ ነው ወይስ በትምህርት ላይ ሳላችሁ የተከፈላችሁ ደመወዝም ጭምር? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግዴታው በከፊል ከተፈጸመ ፍርድ ቤት የተወሰነውን ገደብ መቀነስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ስለዚህ ያገለገላችሁበትን ማስረጃ ያዙ፡፡ ሦስተኛ፣ ዋስ የሚሆንላችሁን ሰው አስቡለት፡፡ በቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም፡፡ መጠኑ ሲጻፍ ደግሞ ዋሱ አንብቦ ይፈርም እንጂ ‹‹ለፎርማሊቲ ነው›› ተብሎ አይፈርም፡፡ በዚህች ቃል ስንቱ ዘመድ ተቀያይሟል!

በራሳችሁ ገንዘብ ቅዳሜና እሑድ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ኮሌጁ ዕውቅና አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፡፡ ፈቃድ የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት ፕሮግራሙ ነው፡፡ ‹‹ይህ ካምፓስ ይህንን ፕሮግራም በዚህ ደረጃ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ወይ?›› ብላችሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ፡፡ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እዚህ ላይ ከመክፈል መጠየቅ ይቅደም፡፡

ውጭ አገር ለሚያስቡም አንድ ቃል አለኝ፡፡ በእንግሊዝ ትምህርቱ የሙሉ ጊዜ ተማሪን አንድ ዓመት ይወስዳል፡፡ በአሜሪካ በዘርፉ የዕውቅና መመዘኛ ቢያንስ 42 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው፡፡ በዚያ የሕግ፣ የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ምሩቃንም ይገቡበታል፡፡ ከዚህ ሄደው የሐኪምነት ፈቃድ ማግኘት የከበዳቸው ወገኖቻችንም ይህንኑ መንገድ ይይዛሉ፡፡ ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን ኤምፒኤች በሽተኛ የማከም ፈቃድ እንደማይሰጥ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡

ትልቁ ለውጥ የሥራ ገበያው ላይ ነው፡፡ ለሃያ ዓመታት ያህል ይህ ዲግሪ ለብዙዎች ወደ ውጭ ድርጅት የሚያስገባ በር ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲያግድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ሠራተኞችን ውል ለማቋረጥ ተገደደ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዩኤስኤይድ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆኑ አበቃ፡፡ ከዚህ በኋላ ‹‹ኤምፒኤች ከያዝኩ ድርጅት አይጠፋም›› ብሎ መበደር፣ የቤተሰብ ጥሪት ማፍሰስ አደገኛ ስሌት ነው፡፡

ታዲያ አትማሩ ማለቴ ነው? ፈጽሞ፡፡ የዕርዳታ ገንዘብ ሲቀንስ ያለውን ጥቂት ገንዘብ የት ላይ ማዋል እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል፡፡ ለምን ተግባር፣ ለየትኛው ወረዳ፣ በምን ቅደም ተከተል የሚለውን ግን ሕገ መንግሥቱ አይመልሰውም፡፡ መንግሥትም ያስተማረውን ሰው ውሳኔ ወደሚሰጥበት ወንበር ያቅርብ፤ በየዓመቱ የሚጻፈውም የመመረቂያ ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ጥናቱ ለተሠራበት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሁለት ገጽ ሆኖ ይድረስ፡፡

ለተማሪው የምለው ግን አጭር ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥህ በፊት ጥያቄህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፡፡ በእኛ ወረዳ ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆኖ ሳለ እናቶች ለምን ቤት ይወልዳሉ? የስኳር ሕመምተኛው መድኃኒቱን ለምን ያቋርጣል? ክረምት በገባ ቁጥር ልጆች በተቅማጥ የሚታመሙት ከየትኛው ውኃ ነው? ዓረፍተ ነገሩ ከመጣልህ ተማር፤ ሁለቱም ዓመታት ይከፍሉሃል፡፡ ካልመጣልህ አንድ ዓመት በሥራህ ላይ ቆይና መዝገቡን አገላብጥ፡፡ ጥያቄው እዚያው መዝገብ ውስጥ አለ፡፡