የበቅሎ ጆሮና የእናትህ ወይራ

ባህር ማዶ ያሉ ወዳጆቻችን ሊመጡ ሲሉ «ምን ይዤ ልምጣ?» ማለታቸው የተለመደ ነው። ፍሎሪዳ የሚኖር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን የጠየቀኝ ግን ለየት ይላል። በረንዳው ላይ አንጠልጥሎ የሚያሳድጋት ኦርኪድ አለችው፤ ከእሷ ከፍሎ በሻንጣ ኩየራ ላሉት እናቱ ሊያመጣ አስቧል። ሕግ ተምረሃልና ያስጠይቃል ወይ ነው ነገሩ።

ፎቶዋን ላከልኝ። ቅጠሏ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ሽቅብ የቆመ ነው። አሜሪካኖች «የበቅሎ ጆሮ» ይሏታል። ጭነት ሊጫንባት ስትል ጆሮዋን ያቆመች በቅሎ ያየ ያገራችን ሰው፣ ስሙን ባይነግሩትም እሱው ያወጣው ነበር። ትውልዷ ደቡብ ፍሎሪዳ፣ ኩባና ጃማይካ ነው። ቢጫና ቡናማ የተቀላቀለባቸው፣ ጠርዛቸው የተጨማደደ አበቦቿ ከአንድ ሜትር በሚበልጥ ዘንግ ላይ ይደረደራሉ።

እንዲህ ያለውን ተክል የሚገድለው ደግነት ነው። አፈር ውስጥ ቀብረን በየቀኑ ውሃ እናጠጣዋለን። እሱ ግን ኑሮው ዛፍ ላይ ነው። ሥሩን የሸፈነው ነጭ ስፖንጅ መሰል ልባስ ዝናቡን በቅጽበት ይመጥና አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ነፋስ አግኝቶ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ያ ወፍራም ቅጠል የውሃ ጎተራው ነው። ቀን በፀሐይ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይውልና አየር የሚያስገባው ሌሊት ነው፤ ውሃ የሚቆጥበውም በዚህ ዘዴ ነው። ስለዚህ የኩየራ በጋ አያስፈራውም። የሚያስፈራው የህዳርና የታህሳስ ሌሊት ብርድ ነው፤ ያን ጊዜ ማታ ማታ ቤት ማስገባት ያሻል። አበባ ቢሰጥም ዘር አይሰጥም፤ ዘይት ፍለጋ አበባውን የሚጎበኙት ንቦች የአሜሪካ እንጂ የአፍሪካ አይደሉምና።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ሳይተስ የሚባለው ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የኦርኪድን ቤተሰብ በሙሉ በቁጥጥር ሥር አድርጎታል። ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ናት። እናም ሕያው ተክል ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት በሻንጣ አይገባም። «አንዲት ቅጠል ናት» ማለት ጉምሩክ ላይ መከራከሪያ አይሆንም። በተገላቢጦሹም፣ የእኛን የዘር ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይከለክላል።

ለወዳጄ የመለስኩለት ግን ይህን ብቻ አይደለም። እናቱ ግቢ ውስጥ ባለው አሮጌ ወይራ ላይ የራሳችን ኦርኪድ አለ። ኤራንጊስ ይባላል። ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ አለው፤ ከኋላው ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ጭራ ይንጠለጠላል። የአበባው ማር ያለው ከዚያ ጭራ ጫፍ ነው። ቀን ላይ ጠረኑ እዚህ ግባ አይባልም፤ ሲመሽ ነው ግቢውን የሚያውደው፤ የሚጠራው ምላሰ ረዥሙን የሌሊት ብራቢሮ ነዋ! ዳርዊን በ1862 እ.ኤ.አ. የማዳጋስካርን ዘመዱን አበባ አይቶ እንዲህ ያለ ብራቢሮ መኖር አለበት ብሎ ነበር፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ስም ወጣለት። አገራችን ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሏት፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አውጥተውላቸዋል።

እኛ ግን «ተባይ ነው» እያልን በገጀራ እንፍቃቸዋለን። ተባዩስ ተቀጽላ ነው፤ ሥሩን ወደ ዛፉ ገላ ሰዶ ይመጣል። ኦርኪድ ቅርፊቱን ይዞ ይቀመጣል እንጂ ከዛፉ አይበላም። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው ነው፤ የሚያበቅለው ሻጋታ ካላገኘ አይበቅልም፤ ቢበቅልም ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል። አንድ አሮጌ ዛፍ ሲወድቅ አብሮት የሚከስለው የስንት ዓመት ዕድሜ ነው?

እናትየው ወይራውን አስቆርጠው ሁለት የኪራይ ክፍል ሊሠሩ ነው። አልፈርድባቸውም፤ በጡረታ ብቻ መኖር እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ክፍሎቹ ወደ አጥሩ ተጠግተው ቢሠሩ ግን ዛፉ ይተርፋል፤ ቦታውን ሄጄ ለክቻለሁ። መቆረጡ ካልቀረም፣ ኦርኪዱን ከነቅርፊቱ አንስቶ ክረምት ሲገባ እጎረቤት ወዳለው ዛፍ ማዛወር ነው። ባሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ሥሩ እስኪይዝ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ጨርቁን መፍታት የለም።